አውቃቸዋለሁ የሚል ሰው

ጥቅምት 12 ቀን

ለእኅቴ ልጅ ለድንቢጥ፣

የሰማይና የምድር ጌታ በወጣሽበት ይከተልሽ፣ በገባሽበት ይቀበልሽ። እኔ አጎትሽ ከጉልበቴ ቁርጥማትና ከዚህ አገር ብርድ በቀር ደኅና ነኝ። የአረጋውያን መጦሪያው ሥራዬም እንደ ድሮው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጋሪ እየገፋሁ በየክፍሉ እዞራለሁ፣ የቆሸሸውን አንሶላ አውጥቼ የታጠበውን አነጥፋለሁ። ያ ሁሉ ሰው የሚፈራው የስፌት ቤት አለቃ ዛሬ አንሶላ አንጣፊ ሆነ ብለሽ ሳቂ፤ ፈቅጄልሻለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከእናንተ ዘንድ የመጣ አንድ መንገደኛ ነገሩ እንደጠበቀ አወራኝ። በየቤቱ ተሰብስበው የሚጸልዩትን እየለቀሙ ነው አለኝ። በስፌት ቤቱ ጓዳ የጀመርኳት ጸሎት እንዳለች ናት ወይ? ከሰባታችሁ ፀጉር አስተካካዩ ፈርቶ እንደቀረ ሰምቻለሁ። ይቅር! ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል። ነገ ተመልሶ ቢያንኳኳ ግን በር እንዳትከፍቱለት። አንድ ጊዜ የሸሸ ሁለተኛም ይሸሻል፣ በሦስተኛው ይዟችሁ ይሄዳል። ጉዳዩን ለአባባ ቁልፍ እንዳትተዪው ደግሞ። ልባቸው ቅቤ ነው። ዕድሜ ልካቸውን የዩኒፎርም ቁልፍ ሲሰፉ ኖረው፣ ሰውንም እንደ ተበጠሰ ቁልፍ መልሰው መስፋት ያምራቸዋል።

አንቺ አትፍሪ። እኔ ያስተማርኳት ልጅ አትፈራም። ያለውን ሁሉ ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

አጎትሽ


ኅዳር 3 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

እግዚአብሔር ጤናዎን ይስጥልኝ፣ ጉልበትዎን ያጽናልኝ። እናቴ ደኅና ናት፤ ካልሲ ልካለች። ሰፊ ከሆነበት እግሩ እስኪያድግ ይታገስ ብላለች።

ጸሎታችን አለ። ሐሙስ ሐሙስ ባለቤቱ ሲወጣ ስድስታችን ጓዳ እንገባለን። እርስዎ ከሄዱ ወዲህ የሚመሩን አባባ ቁልፍ ናቸው። እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ እቀመጥና መርፌው ላይ ክር ሳላስገባ ፔዳሉን እረግጣለሁ፤ የመኪናዋ ድምፅ ዝማሬውን ይሸፍነዋል። ሌሎቹ ሲዘምሩ እኔ እረግጣለሁ። አባባ ቁልፍ "የአንቺ መዝሙር በእግርሽ ነው" እያሉ ያሾፉብኛል።

ግን አጎቴ፣ እፈራለሁ። ሳትደብቂ ስላሉኝ ነው የምነግርዎት። ከፊት ለፊታችን አንድ ሰው በርጩማ ዘርግቶ መዋል ጀምሯል። ጃንጥላ ጠጋኝ ነኝ ይላል። ዝናቡ ካቆመ ስንት ጊዜው! አንዲት ጃንጥላ ሲጠግን ያየ የለም። ሳልፍ ይስቅልኛል፣ እንደምን አደርሽ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ወደ በሩ እዞራለሁ። ሐሙስ ሲደርስ ፔዳሉ ላይ እግሬን ማቆም አልችልም፤ ካቆምኩ ድምፃችን መንገድ ላይ የሚወጣ ይመስለኛል።

ባለፈው ሐሙስ በር ተንኳኳ። ዝማሬው ተቋረጠ። ፀጉር አስተካካዩ ነው። "እኔ ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ፣ እባካችሁ ክፈቱልኝ" አለ። አባባ ቁልፍ ሊነሡ ሲሉ የእርስዎን ትእዛዝ ነገርኳቸው። "እሱ ካለ እንግዲህ..." ብለው ተቀመጡ። ሰውየው ከበሩ ማዶ ብዙ ቆመ። እኔ እረግጣለሁ፣ እሱ ይሰማል። በመጨረሻ ሄደ።

ልክ አደረግን አይደል? ልክ ነው ይበሉኝ።

ድንቢጥዎ


ኅዳር 29 ቀን

ለጀግናዋ ለድንቢጥ፣

ጌታ ልብሽን እንደ ዓለት ያጽናው። ልክ ነው እንዴ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ? ልክ ነው፣ ልክም ያንሰዋል! ለእናትሽ ካልሲው ደርሶኛል በያት፣ እግሬም እያደገ ነው።

ስለ ጃንጥላ ጠጋኙ አትጨነቂ። የሚያስፈራን ሰው ፊት ለፊት ካዩት ያንሳል። ከራሴ ልንገርሽ። እዚህ የጥጉ ክፍል ውስጥ ዘጠና ያለፋት አሮጊት አለች። ሠራተኛ ከነዋሪ ጋር መጸለይ በመጦሪያው ክልክል ነው፤ የተገኘ ይባረራል፣ እኔ ደግሞ ከተባረርኩ የመኖሪያ ወረቀቴ አብሮኝ ነው የሚሄደው። ቢሆንም በየጠዋቱ አንሶላዋን ቀይሬ፣ በሩን ገፋ አድርጌ አብረን እንጸልያለን። ቋንቋቸውን ስሰባብረው ታርመኛለች። አሜን ካልኩ በኋላ እንኳ ስሕተቴን ትነግረኛለች፣ አትምረኝም። አየሽ፣ ፍርሃት የሚሸነፈው እንዲህ ነው። ማስፈራራቱን ለሚችሉበት ትተሽ አንቺ ሥራሽን ሥሪ።

አባባ ቁልፍን በጣም አድርገሽ ሳሚልኝ። ለዚያ ፀጉር አስተካካይ ግን በር እንዲከፍቱ አትፍቀጂላቸው።

አጎትሽ


ጥር 20 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ዘገየሁ አይቀየሙኝ።

አባባ ቁልፍ ተያዙ። በጸሎታችን ቀን ነው። አራት ሆነው መጡ፣ ጃንጥላ ጠጋኙ አምስተኛ። እሳቸውን ወስደው ሌሎቻችንን ለቀቁን። ሁላችንም ደኅና ነን። እንዴት እንደተለቀቅን አይጠይቁኝ። ጸሎታችን ተበትኗል።

ከእንግዲህ በደብዳቤዎ ስለ ጸሎት አይጻፉልኝ። ስለ ጉልበትዎ ይጻፉልኝ። እናቴ ሰላም ትላለች።

ድንቢጥ


የካቲት 11 ቀን

ለእኅቴ ልጅ፣

እሱ ይጠብቅሽ። ስለ ጉልበቴ ጻፍልኝ አልሽ። ጉልበቴ ደኅና ነው፤ የነደደው ልቤ ነው!

መንገደኛው ሁሉንም ነግሮኛል። ከመካከላችሁ አንዱ፣ እዚያው ስፌት ቤቱ ውስጥ፣ አባባ ቁልፍ እየሰሙት "አላውቀውም" ብሏል አሉ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ከሽማግሌው እጅ እህል ያልጎረሰ፣ ጸሎት ከአፋቸው ያልተማረ ማን አለ ከእናንተ ውስጥ? ማን ነው? ፀጉር አስተካካዩ ነው አይደል? በኋላ በር ገብቶ ይሆናል። እኔ አላልኩም ነበር?

ስሙን ጻፊልኝና ከጸሎቴ ላውጣው። እንዲህ ያለው ሰው ይቅር ቢባል እንኳ ከሩቅ ነው የሚባለው፤ ከማዕድ አይቀርብም፣ ከወንድሞች ጋር አይቆምም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሱን ሳስብ የጎረስኩት አይወርድልኝም።

አንቺ ደግሞ ምን ዝም ያሰኝሻል? ለማን ነው የምትደብቂው?

አጎትሽ


መጋቢት 2 ቀን

ለአጎቴ፣

እግዚአብሔር ይህን ሲያነቡ አብሮዎት ይሁን። ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ማን ነው ብለው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ። ፀጉር አስተካካዩ አይደለም፣ ሌላም ሰው አይደለም። እኔ ድንቢጥዎ ነኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው ሆኖ፣ መንገደኛው ስሜን ሳይነግርዎት ቀርቶ ነው እንጂ አገር ያውቀዋል።

ሲገቡ ሌሎቹን ግድግዳ ጥግ አሰለፏቸው። አንገታቸውን ደፉ። እኔ ግን መኪናዬ ላይ ነበርኩ፣ እግሬ አሁንም ይረግጣል። ጃንጥላ ጠጋኙ አጠገቤ መጣና "እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች" አለኝ፣ እንደ ጨዋታ። "የሚሰፋ ሰው ያቆማል፣ ጨርቁን ያዞራል፣ ክር ይበጥሳል። ያንቺ መኪና ግን ሐሙስ ሐሙስ ማቆም አያውቅም። ምንድን ነው የምትሰፊው?" ጎንበስ ብሎ መርፌውን አየ። ክር የለም። አጎቴ፣ ከሰው ሁሉ ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በየቀኑ ስሰፋ የምውለው እኔ! በፍርሃት ዝም ብዬ ስረግጥ ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ።

ኃላፊያቸው አባባ ቁልፍን በአገጩ እያሳየ "ይህን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?" አለኝ። "ቁልፍ ሲሰፋ አየዋለሁ እንጂ አላውቀውም" አልኩ። "አብረሽው አትጸልዪም?" ሲለኝ "ከማን? ከዚህ ሽማግሌ ጋር? አላውቀውም አልኩ እኮ!" አልኩት። ሳቅ ብዬ ነው ያልኩት። አንቱታቸውን እንኳ ገፍፌ። ሰማይ አልተናደም፣ ዶሮም አልጮኸም። አባባ ቁልፍ ብቻ "እውነቷን ነው፣ ደመወዝተኛ ናት፣ ተዉአት" አሉ። ይዘዋቸው ሲወጡ ደረጃው ላይ ተደናቀፉ፤ የያዘቻቸው እጅ የእኔ አልነበረችም።

ያን በር የዘጋንበትን ፀጉር አስተካካይ በከንቱ ነው ያሙት። በየቀኑ ዳቦና ሻይ ይዞ እስር ቤቱ በር ላይ የሚቆመው እሱ ነው። እኔ እስከ መንገዱ ማዕዘን ደርሼ እመለሳለሁ። አንድ ቀን አየኝና አልፎኝ ሄደ።

ጃንጥላ ጠጋኙን መፍራት ትቻለሁ። አሁን የምፈራው እርስዎን ነው። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሕፈትዎን ሳይ እንደ ልጅነቴ አልጋ ሥር መግባት ያምረኛል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የምፈራው አባባ ቁልፍ የሚፈቱበትን ቀን ነው። ይፈቱ ዘንድ እጸልያለሁ፣ ስጨርስ ደግሞ ባይፈቱ ብዬ ራሴን አገኘዋለሁ። ዓይናቸውን እንዴት አድርጌ አያለሁ?

ለእሱ የዘጋነው በር ለእኔም የሚዘጋ ከሆነ ቁርጡን ይንገሩኝ። ከጸሎትዎ ያወጡኛል?

ድንቢጥ


ሚያዝያ 4 ቀን

ለአጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። መልስዎ አልመጣም። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ከሩቅ ስታየኝ ራሷን መነቅነቅ ለምዳለች። ዝምታዎ መልስ ከሆነ ገብቶኛል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

የምጽፈው ሌላ ነገር ስለ መጣ ነው። አባባ ቁልፍ ታመዋል። ኃላፊው ዋስ ካገኙ ይለቀቃሉ ብሏል። ዋሱ ቋሚ ሥራ ያለው፣ ቀርቦም "በደንብ አውቃቸዋለሁ" ብሎ የሚናገር ሰው መሆን አለበት። ተፈተው እንደገና ሲጸልዩ ከተገኙ እስር ቤት የሚገባው ዋሱ ነው። ፀጉር አስተካካዩ እኔ ልሁን ብሎ ሄዶ ነበር፤ ወንበርህ በረንዳ ላይ ነው፣ ነገ ተሸክመኸው ትጠፋለህ ብለው መለሱት። ከቀሩት አንዱ ከተማ ለቋል፣ ሁለቱ ልጆች አሉን አሉ፣ አንዷ በሯን አትከፍትም። ቋሚ ሥራ ያለኝ እኔ ነኝ።

ይገባዎታል አይደል? ያ ኃላፊ ነው ያለው። ያንኑ ጥያቄ ነው የሚጠይቀኝ። አውቃቸዋለሁ ብል ያን ቀን ዋሽቻለሁ ማለት ነው፣ አብሬያቸው እጸልይ ነበር ማለት ነው። እሳቸውን አስወጥቼ እኔ ልገባ ነው። ካልሄድኩ ደግሞ እዚያው ይሞታሉ። ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ። ሌላ ከተማ ያለችው የአክስቴ ልጅ ነይ ብላኛለች፤ ከራስ በላይ ነፋስ ነው ትላለች። እናቴ ሻንጣውን አይታ ልብሴን አውጥታ እንደገና አጠፈችው።

አጎቴ፣ ቁጣም ቢሆን ይላኩልኝ።

ድንቢጥ


ሚያዝያ 9 ቀን

ልጄ፣

ባራኪ አፍ የለኝም፤ እሱ ግን ከአፌ ሳይጠብቅ ይባርክሽ። የመጋቢቱን ደብዳቤሽን ይዤ እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ እንዳይመስልሽ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባላል፤ እኔ ግንድ ነው የሰደድኩት።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት አንብቤ ኪሴ ከተትኩት። ጋሪዬን እየገፋሁ የምጽፍልሽን ቁጣ በልቤ ስደረድር አረፈድኩ። በሻይ ሰዓት ሠራተኛው ሁሉ ተቀምጧል፣ አሮጊቷንም በተሽከርካሪ ወንበሯ አምጥተዋታል። ተቆጣጣሪያችን ገባችና "ከዚህች ሴት ጋር የሚጸልይ ሠራተኛ አለ፣ ልጇ አቤት ብሏል፣ ማን ነው?" አለች። አሮጊቷ ደስ ብሏት በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች። "እሱ ነው፣ ወዳጄ ነው" አለች።

ልጄ፣ እስር ቤት አልተደገሰልኝም፣ ማንም ግድግዳ ጥግ አላቆመኝም። በእጄ የሻይ ስኒ ነበር። "አርጅታለች እኮ፣ ሰው ትቀላቅላለች" አልኩ። ያ ሁልጊዜ የምሰባብረው ቋንቋ ያን ቀን አንድ ስሕተት አልነበረውም። ሁሉም ሳቁ። አሮጊቷ ፊቴን አየች፣ አየችና "ይቅርታ፣ ተሳስቼ ይሆናል" አለች። እሷ እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ! ሻዩን ጠጥቼ ጨረስኩት፣ ይታይሽ።

ከዚያ በኋላ የጥጉን ክፍል ለሌላ ሠራተኛ እየሰጠሁ ሸሸኋት። ላንቺ ወረቀት ባወጣሁ ቁጥር ደግሞ እጄ አልታዘዝ አለኝ። በምን አፌ? ትናንት ገባሁ። "አልተሳሳትሽም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ" አልኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ? "ተመስገን! አእምሮዬ የከዳኝ መስሎኝ ስፈራ ነው የሰነበትኩት" አለችኝ። እኔ ለሥራዬ ፈርቼ የጣልኩባት ፍርሃት ይህ ነው፤ እብደቷን ስትጠብቅ ኖራለች። አለቀስኩ። እሷ ግን "አንሶላው ተጨማዷል፣ አስተካክልና እንጸልይ" አለችኝ። ጸለይን። ስሕተቴንም አረመችኝ።

ወጥቼ ለተቆጣጣሪዋ እውነቱን ነገርኳት። ነገ ይጠሩኛል። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ ቁርጥማትም አይደለም።

አንቺን ከጸሎቴ ላውጣ? እኔስ ራሴ ደጅ አይደለሁ? ድፍረት ያስተማርኩሽ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ያስተማርኩሽ ፍርድ ነው። በሩን ያዘጋሁት እኔ ነኝ። ለፀጉር አስተካካዩ እግርህ ላይ ወድቄያለሁ በዪልኝ። አንቺም ይቅር በዪኝ፣ የእኔ ልጅ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ጽፈሽ እንደሆነ አልደረሰኝም፤ አሁን ምን እንደምትመስዪ፣ ምን እንደገጠመሽ አላውቅም፤ ግን ምንም ብታደርጊ፣ ብትሄጂም ብትቀሪም፣ ልጄ ነሽ።

አጎትሽ


ግንቦት 6 ቀን

ለምወድዎ አጎቴ፣

ያቺን አሮጊት የጠበቀ አምላክ እርስዎንም በተጠሩበት ቦታ ይጠብቅዎ። ምን እንዳሉዎት ቶሎ ይጻፉልኝ፤ እናቴና እኔ እንቅልፍ የለንም።

ደብዳቤዎ ሲደርስ ሻንጣዬ በር ላይ ነበር። ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ይዤው ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄድኩ። ሰው እየላጨ ነበር፤ የሚላጨው ሰው ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ እየሰማን አነበብኩለት። እግርህ ላይ ወድቄያለሁ የሚለው ላይ ስደርስ ምላጩን አስቀመጠ። "አጎትሽ ጉልበቱን ያመዋል አይደል? ታዲያ ማን ሊያነሣው ነው የወደቀው?" አለ። ሳቀና ፊቱን አዞረ። ከዚያ "በሩ ላይ ቆሜ መኪናሽን ስሰማ ጠላሁሽ፣ ግን እኔም ፈርቼ ነው የቀረሁት፣ ማን ላይ እፈርዳለሁ" አለኝ። እኔም ይቅርታ ጠየቅኩት። "ዛሬ ማዕዘኑ ላይ አትቆሚም፣ እስከ በሩ አብረን ነን" አለኝ። ሰውየውን ላጭቶ ሲጨርስ ሄድን።

ኃላፊው አልረሳኝም። "ይህን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?" አለ።

"አውቃቸዋለሁ" አልኩ፤ ድምፄ አልወጣም።

"ምን አልሽ?"

"አውቃቸዋለሁ! በደንብ አውቃቸዋለሁ።"

"ያን ቀን አላውቀውም አላልሽም?"

"ብያለሁ። ዋሽቼ ነው። ፈርቼ ነው።"

"አሁንስ አትፈሪም?"

"እፈራለሁ" አልኩት። ምን ልበለው አጎቴ፣ ጥርሴ ሲንገጫገጭ እየሰማ። በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን እየመታ ብዙ አየኝ። "እንግዲያው አንቺም ስትጸልዪ ነበር" አለ። "አዎ" አልኩ። "ውጪና ጠብቂ" አለኝ። እሳቸውን ልጠብቅ ወይስ የሚወስደኝን፣ አልነገረኝም። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ተነሥቼ እቆማለሁ፣ መልሼ እቀመጣለሁ። ፀጉር አስተካካዩ ሻዩን ቢሰጠኝ ልብሴ ላይ ደፋሁት።

አመሻሹ ላይ በዋስነት አስፈረሙኝና አወጧቸው። ከስተዋል፣ መነጽራቸው የለም። ወደ እኔ ጠጋ ብለው ካዩኝ በኋላ ነው ያወቁኝ። የተዘጋጀሁበት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። "ይቅር ይበሉኝ" ብቻ አልኩ።

"አልዋሽሽም" አሉኝ። "ውስጥ ሆኜ ሌላ ሥራ አልነበረኝም፣ በአንቺ መናደድ ብቻ ነበር ሥራዬ። እግዜር ይቅር በላት ይለኛል፣ ቆየኝ ገና አልጨረስኩም እለዋለሁ። ዛሬም አልጨረስኩም። ግን ይቅር ብዬሻለሁ። ንዴቱ በራሱ ጊዜ ይወጣል፣ እሱን ቆመን አንጠብቅም። ነይ ክንዴን ያዢኝ፣ መንገዱ አይታየኝም።"

ያዝኳቸው። ክንዳቸው አጥንት ብቻ ሆኗል። መንገዱን ስንሻገር ቆሙ። "ዋሴ ማን ነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ብጸልይ የምትታሰሪው አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ምን ላድርግ? አንቺ ንገሪኝ" አሉ። እየቀለዱ አልነበረም። ይተዉት ብላቸው ይተዉ ነበር፣ ለእኔ ብለው።

አጎቴ፣ "እባክዎ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ይተዉት" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ጃንጥላ ጠጋኙ ከኋላችን ወጥቶ ከመንገዱ ማዶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ባዶ እጁን። እናቴን አሰብኩ።

"ይጸልዩ" አልኳቸው።

"እዚህ?"

"እዚህ።"

መንገዱ መሐል ጀመሩ። ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ አላደረጉም። ፀጉር አስተካካዩ ኮፍያውን አወለቀ። ሰውየው ከማዶ ያየናል፤ እኔም አየሁት፣ ከዚያ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ድንቢጥዎ